ጳጉሜን በአህመዳባድ

መስከረም 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ በሕንድ አገር በአህመዳባድ ከተማ የተከራየሁት ክፍል በር ተንኳኳ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ውሎ ነበር። ጠዋት አገር ቤት ደውዬ «እንኳን አደረሳችሁ» ከመባባል በቀር እንቁጣጣሽን የሚመስል ነገር ስላላየሁ፣ በሩን የከፈትኩት ሰው በናፈቀው ልብ ነው። ደጃፉ ላይ የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊት ቆመዋል። ስምንት ቀን ሙሉ ከፈላ ውኃ በቀር አንዳች ነገር ወደ አፋቸው አልገባም። ነጭ የጥጥ ሳሪ ለብሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ደረጃውን ወጥተው መጥተዋል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጥቂት ቆዩና ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉ። «ሚቻሚ ዱክካዳም» አሉኝ።

ቃሉ በፕራክሪት፣ ማለትም የጃይን ቅዱሳት መጻሕፍት በተጻፉበት ጥንታዊ ቋንቋ የሚነገር ነው፤ «ያደረግሁት ክፉ ሥራ ፍሬ አልባ ይሁን» እንደ ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎናቸው ሆኖ አስረዳኝ፦ «በዚህ ዓመት ውስጥ አውቄም ሳላውቅም፣ በሐሳብ፣ በቃል ወይም በሥራ በድዬህ ከሆነ ይቅር በለኝ እያሉህ ነው።» እኔ ባደግሁበት ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ከታላቁ እግር ሥር የሚወድቀው ታናሹ ነው። የአያቴ እኩያ የሆኑ ሴት ደረጃ ወጥተው ለእኔ ጎንበስ ሲሉ እጆቼን ምን እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ያን ምሽት የሆነው ነገር የገባኝ ከዚያ በፊት የነበረውን ዓመት ሁሉ በዓል በበዓል መልሼ ሳስበው ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ወደ አህመዳባድ የሄድኩት ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲሆን የመጀመሪያው ወር ያለፈው ቤት ፍለጋ ነበር። በብዙ በር ላይ የተመለስኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ሥጋ ትበላለህ?» እውነቱን ስናገር በሩ ይዘጋል። አንዳንዶቹ በትሕትና፣ ሌሎቹ ፊታቸውን አጥቁረው መለሱኝ። ያ ነገር አስከፍቶኛል፤ ዛሬም ሳስበው ሰው በሚበላው ምግብ ከጣሪያ መከልከሉ ትክክል አይመስለኝም። በመጨረሻ ከሳባርማቲ ወንዝ ማዶ፣ ጃይኖች በሚበዙበት ሰፈር፣ ሰፈሩ ሁሉ «ባ» የሚላቸው ሴት ፎቃቸውን ሊያከራዩኝ ፈቀዱ። ባ በጉጃራቲ ቋንቋ እናት ወይም አያት ማለት ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና መጠጥ እንዳላስገባ ቃል አስገቡኝ። እኔም አገራችን ውስጥ አጥብቆ የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ርቆ እንደሚኖር ነገርኳቸው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙና ቁልፉን ሰጡኝ።

ጃይኖች በሕንድ ውስጥ ጥቂት ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው ወደ 4.45 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ይህ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብለው አያምኑም። የሚያከብሩት 24 መምህራንን ነው፤ ቲርታንካራ ይሏቸዋል፣ የወንዝ መሻገሪያ የሚያበጅ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሪሻባናታ ሲሆን የመጨረሻው ማሃቪራ ነው። የሰው፣ የእንስሳ፣ የነፍሳት፣ የተክል፣ የውኃም ጭምር ሕይወት ነፍስ አለው ይላሉ፤ ካርማ ደግሞ በነፍስ ላይ እንደ አቧራ የሚጣበቅ ረቂቅ ቁስ ነው። ሌላውን መጉዳት አቧራውን ይጨምራል፤ ጾምና ራስን መግዛት ያራግፈዋል። የዓመቱ በዓላት በሙሉ የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ስለሆነ፣ ይህን ሳይዝ ወደ በዓሉ የሚገባ ሰው ለምን ድግስ እንደሌለ ግራ ይገባዋል። እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ዘመን አቆጣጠራቸው ጨረቃን ይከተላል። ባ ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ፓንቻንግ የሚባለውን የቀን መቁጠሪያ ሰቅለው፣ በየጠዋቱ መነጽራቸውን አድርገው ዛሬ ጨረቃ ስንተኛዋ እንደሆነች ያያሉ። በጨረቃ 5ኛ፣ 8ኛና 14ኛ ቀን ትኩስ አትክልት ወደዚያ ቤት አይገባም። የጨረቃው ዓመት ከፀሐይ ዓመት ስለሚያጥር ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ሙሉ ወር ይጨመራል። እኔ በነበርኩበት ዓመት የተጨመረው ወር የዋለው በሚያዝያና በግንቦት መካከል ነው። ስለ ጳጉሜን ስነግራቸው ባ ደስ አላቸው፤ ሌላም ሕዝብ ቀን እየጨመረ ሰማይን እንደሚያስተካክል አላወቁም ነበር።

የመጀመሪያው በዓሌ ዲዋሊ ነበር፤ በዚያ ዓመት የዋለው ጥቅምት 7 ቀን ነው። ከተማው ሁሉ በመብራትና በርችት ሲናወጥ የባ ቤት ጸጥ ብሎ ነበር። ለሂንዱዎች ዲዋሊ ሌላ ታሪክ አለው፤ ለጃይኖች ግን ማሃቪራ በቢሃር ግዛት በምትገኘው በፓቫፑሪ ከሥጋ የተለየበትና ከመወለድና ከመሞት አዙሪት ነፃ የወጣበት ሌሊት ነው። በትውፊታቸው መሠረት ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ527 ነው፤ በዚያ ሌሊት የነበሩ ነገሥታት «የዕውቀት ብርሃን ከሄደ የቁስ መብራት እናብራ» ብለው ፋና አበሩ ይባላል። ባ ሁለቱን ቀን ጾሙ፤ ርችቱ የሚያቃጥላቸውን ትንንሽ ነፍሳት እያሰቡ መስኮቱን ዘግተው መቁጠሪያ ሲቆጥሩ አደሩ። በማግሥቱ አዲስ ዓመታቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው 2009 ሲል፣ እኔ 2002 ስል፣ ባ ደግሞ 2536 አሉ፤ ማሃቪራ ካረፈ ጀምሮ የሚቆጠር ዘመን ነው።

ከአዲስ ዓመቱ በኋላ በአምስተኛው ቀን የዕውቀት በዓል መጣ፤ ግያን ፓንቻሚ ይባላል። መጻሕፍት በዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፣ ሩዝና የሰንደል ዱቄት ይቀርብላቸዋል። የልጅ ልጃቸው የፊዚክስ መማሪያውን ከቅዱሳት መጻሕፍቱ አጠገብ ሲያስቀምጥ ማንም አልከለከለውም። ዕለቱ የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ መሆኑ ከእምነቱ ጋር አብሮ የሚሄድ የጥበቃ ሥራ አለው፤ እርጥበት የጠጣው የወረቀትና የዘንባባ ቅጠል ጽሑፍ ይወጣል፣ ይናፈሳል፣ አቧራው ይራገፋል፣ በአዲስ ጨርቅ ይጠቀለላል። በፓታንና በጃይሳልሜር ያሉት የጃይን ቤተ መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆዩ ጽሑፎችን ጠብቀው እዚህ ያደረሱት በእንዲህ ያለ እንክብካቤ ነው። በየገዳሞቻችን ዕቃ ቤት የሚበሉትን ብራናዎች እያሰብኩ፣ በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ምእመን መጽሐፍ የሚያናፍስበት በዓል ቢኖረን ብዬ በጣም ተመኘሁ።

ኅዳር ሊገባ ሲል፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን፣ የጃይኖች የተቀደሰ ተራራ ወዳለባት ወደ ፓሊታና ወሰዱኝ። የሻትሩንጃያ ተራራ በዝናቡ ወራት ለተሳላሚ ዝግ ሆኖ ከርሞ በዚህ ቀን ይከፈታል። ከ3,500 የሚበልጥ ደረጃ አለው፤ ጫፉ ላይ በእብነ በረድና በድንጋይ የታነጹ ከ800 በላይ ቤተ መቅደሶች ተጠጋግተው ቆመዋል። ሕዝቡ ገና ሳይነጋ በባዶ እግሩ ይወጣል፤ መውጣት የማይችሉትን ሽማግሌዎች ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘዋቸው ይወጣሉ። ተራራው ላይ ምግብ አይበላም። ከመምሸቱ በፊት ካህኑም ሳይቀር ሁሉም ይወርዳል፣ ተራራውም ሌሊቱን ያለ ሰው ያድራል። እኔ ጉልበቴ ተብረክርኮ ወደ ማታ ስወርድ፣ ይህን ተራራ በአንድ ወቅት 99 ጊዜ ለመውጣት ስእለት የገቡ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጡ አገኘኋቸው።

ጥር 6 ቀን አህመዳባድ የምትገኝበት የጉጃራት ግዛት በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ካይት፣ ማለትም በክር የሚያዝ የወረቀት መጫወቻ፣ ያበርራል። በዓሉ የጃይኖች ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን የካይቱ ክር በተፈጨ ብርጭቆ ስለሚለበጥ የርግቦችንና የሽመላዎችን ክንፍ ይቆርጣል። በዚያ ቀን የጃይን ወጣቶች በየመንገዱ ድንኳን ተክለው የቆሰሉትን ወፎች በካርቶን ሣጥን እየተቀበሉ ሐኪም ወዳለበት ያደርሳሉ። ያንን ቀን ከልጁ ጋር አብሬ ዋልሁ። ክንፏ ተሰንጥቆ ደም የምታፈስ ርግብ በሁለት እጄ ይዤ ስሮጥ፣ ስለ አሂምሳ፣ ማለትም ስላለመጉዳት፣ ያነበብኩት ሁሉ የዚያችን ርግብ የልብ ትርታ ያህል አልነገረኝም።

የካቲት 1 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያው ሳምንት ከእናቴ የተላከልኝን ሽሮና በርበሬ አውጥቼ፣ ቀይ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ የጾም ወጥ ሠራሁ። ሽታው ወደ ታች ወረደ። ባ ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ አዩኝ፤ ምንም ሳይናገሩ ገብተው በሩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት የመሳሰሉት ሥራ ሥሮች ሲነቀሉ ተክሉ ፈጽሞ ይሞታል፣ በውስጣቸውና በዙሪያቸውም የማይቆጠር ሕይወት አለ ብለው ስለሚያምኑ እንደማይበሉ የሰማሁት ዘግይቶ ነው። ስለ ሽንኩርት ያስገቡኝ ቃል አልነበረም፤ ምናልባት እንዲህ ዓይነት ጾም አለ ብለው አላሰቡም። እኔም የጾም ምግቤ እንደ ነውር በመታየቱ ቆሰልኩ፤ ቁስሉን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሁለታችንም ጾመኞች ሆነን በጾማችን ተኳረፍን።

ኩርፊያውን ያላላው ሌላ ጾም ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው፣ አያምቢል ኦሊ የሚባል የዘጠኝ ቀን ጾም ይይዛሉ፤ በዚያ ዓመት የጸደዩ ከመጋቢት 13 እስከ 21 ድረስ ዋለ። የሚጾመው ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ መቀመጫ ይበላል። ዘይት፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ስኳር፣ ቅመም፣ አትክልትና ፍራፍሬ ሁሉ ይቀራል፤ የተቀቀለ እህል ብቻ ይቀመጣል፤ አጥብቀው የሚይዙት ጨው እንኳ ይተዋሉ። ባ ደግሞ እህሉንም በቀለም ይከፍሉት ነበር። ዘጠኙ ቀን ለዘጠኝ ቅዱሳን ነገሮች የተሰጠ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ነጩን ሩዝ፣ ለሁለተኛው ቀዩን ስንዴ፣ ለሦስተኛው ቢጫውን ሽምብራ፣ ለአራተኛው አረንጓዴውን ማሾ፣ ለአምስተኛው ጥቁሩን ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ፣ ለቀሩት አራት ቀናት ደግሞ ሩዝ ይቀቅላሉ። በዚህ ጾም ላይ ንጉሥ ሽሪፓል ከለምጽ የዳነው ሚስቱ ማያናሱንዳሪ ከእርሱ ጋር ሆና ኦሊን በመያዟ ነው የሚል ታሪክ ይነበባል።

በአራተኛው ቀን ልጁ ክዳን የተገጠመበት ጎድጓዳ ሳሕን ይዞ መጣ። ውስጡ ጨው የሌለበት የተቀቀለ ማሾ ነበር። «ባ አንተም እየጾምክ እንደሆነ ሰምተዋል» አለኝ። እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ በላሁት። ምንም ጣዕም የሌለው እህል ስበላ፣ ጣዕም ለካ ምን ያህል ከእህሉ ጋር እንዳንገናኝ ያደርገናል ብዬ ተገረምኩ፤ ማሾው ራሱ ማሾ ማሾ ይል ነበር። ስለ ሽሮው አልተነጋገርንም።

በኦሊው መካከል መጋቢት 19 ቀን የማሃቪራ ልደት ተከበረ። በዚያ ዓመት ከሆሳዕና ጋር ገጠመ። ሠረገላ፣ ከበሮ፣ በብር የተሠራ የሕፃን አልጋና ረጅም ሰልፍ ነበር፤ በመላው ሕንድ መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት የጃይኖች በዓል ይህ ነው። ያለ ዘንባባ ከሰልፉ ጋር ጥቂት ሄድኩ። ከሳምንት በኋላ ፋሲካ መጣ፤ ቃሌን ጠብቄ በወተትና በአይብ ፈታሁ። ብቻዬን ሆኜ ሳስብ በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት የት ላይ እንደሆነ የታየኝ በዚያ ሌሊት ነው። እኛ 55 ቀን የምንጾመው ወደ ፋሲካ ለመድረስ ነው፤ ጾሙ መንገድ፣ በዓሉ የመንገዱ መድረሻ ነው፤ ስንደርስ ይታረዳል፣ ይጠመቃል፣ ጎረቤት ይጠራል። በባ ቤት ግን ታላቁ በዓልና ከባዱ ጾም አንድ ቀን ናቸው። ሰው አዲስ ልብስ የሚለብሰው፣ ዘመድ ከሩቅ የሚመጣው፣ ልጆች ሲነቁ ደስ የሚላቸው ማንም ምንም በማይበላበት ዕለት ነው። ይህን መቀበል ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ደስታ ያለ ማዕድ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበርና።

ግንቦት 8 ቀን አክሻያ ትሪቲያ ነበር። ታሪኩን በጣም እወደዋለሁ። የመጀመሪያው መምህር ሪሻባናታ መንግሥቱን ትቶ መነኩሴ ሆነ፤ ከእርሱ በፊት መነኩሴ ስላልነበረ ምጽዋት እንዴት እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በየደጁ ሲቆም ሕዝቡ ለቀድሞ ንጉሡ ዝሆን፣ ወርቅ፣ ዕንቁ፣ ሴት ልጁንም ሳይቀር ያቀርብለታል፤ እህል ግን ለንጉሥ ማቅረብ ለማንም ትዝ አላለውም። ከአንድ ዓመት በላይ ሳይበላ ተንከራተተ። በመጨረሻ በሃስቲናፑር ከዘሩ የሆነው ሽሬያንስ በእጁ የነበረውን የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ በመዳፉ ላይ አፈሰሰለት። ዛሬ ይህን ለማሰብ ከአንድ ዓመት በላይ አንድ ቀን ጾመው አንድ ቀን እየበሉ የሚቆዩ ሰዎች አሉ፤ ቫርሺታፕ ይባላል። የሚፈቱትም በዚህ ቀን፣ በሸንኮራ ጭማቂ ነው። ከጎረቤታችን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ይህን ጨርሳ ጭማቂውን ከትንሽ የብር ጽዋ ስትጠጣ አየሁ። ዓመቱን ሙሉ ሥራዋን አላቋረጠችም ነበር።

ሐምሌ 18 ቀን አራቱ የዝናብ ወራት ገቡ። የጃይን መነኮሳት ዓመቱን ሙሉ በባዶ እግራቸው ከመንደር ወደ መንደር ሲዞሩ የሚኖሩ ናቸው፤ መኪና አይሳፈሩም፣ ገንዘብ አይነኩም። ዝናብ ሲጥል ግን መሬት በቡቃያና በትል፣ በጉንዳንና በእንቁራሪት ትሞላለች፤ መሄድ መርገጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ባሉበት ይቆማሉ። ወደ ሰፈራችን ሦስት መነኩሲቶች መጡና በምእመናኑ የጸሎት አዳራሽ ከረሙ። ምጽዋት የሚቀበሉት ላም ሣር እንደምትግጥ ነው፤ ከአንድ ቦታ ነቅላ አትጨርስም፣ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት ትነጫለች። ባ ሁለት ቂጣ ቢሰጧቸው አንዱን ብቻ ይወስዳሉ፤ ለእነርሱ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ካወቁ ደግሞ ያንንም አይቀበሉም።

ነሐሴ 29 ቀን የጾምና የይቅርታ በዓላቸው ፓርዩሻን ጀመረ። ከሁለቱ የጃይን ወገኖች ነጭ ለባሾቹ ሽቬታምባራዎች ስምንት ቀን ያከብሩታል፤ መነኮሳታቸው ዕርቃናቸውን የሚኖሩት ዲጋምባራዎች ደግሞ ከዚያ ተከትለው አሥር ቀን፣ እያንዳንዱን ቀን ለአንድ በጎ ምግባር፣ ለይቅርታ፣ ለትሕትና፣ ለቅንነት፣ ለእውነት እየሰጡ ይቀጥላሉ። ባ ሽቬታምባራ ናቸው። ስምንቱ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 29 እስከ መስከረም 1 ሲሆን ጳጉሜን በሙሉ ውስጡ ገባች። እኛ ከዓመቱ ተርፋ የቀረች የምንላት ወር ለእነርሱ የዓመቱ እምብርት ሆነች።

በእነዚያ ቀናት ሰፈሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሱቆች ዘግይተው ይከፈታሉ፣ የአትክልት ጋሪ ጎራ አይልም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማንም አይበላም። ልጆች አንድ ቀን ይሞክራሉ፤ ጎልማሶች ሦስት፤ ባ ስምንቱንም። የፈላ ውኃ በትላልቅ ሳሕን ላይ እየቀዘቀዘ ይቀመጣል፤ የሚጠጣውም ፀሐይ ሳለች ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የማሃቪራን ሕይወት የሚተርከው ካልፓ ሱትራ ይነበባል። በአምስተኛው ቀን የልደቱ ክፍል ሲደርስ እናቱ ትሪሻላ ያየቻቸው 14 ሕልሞች፣ ዝሆኑ፣ በሬው፣ አንበሳው፣ ሙሉ ጨረቃዋ፣ በብር ተቀርጸው አንድ በአንድ ከጣሪያ ይወርዳሉ። እያንዳንዱን የማውረድና የአበባ ጉንጉን የማልበስ ክብር ግን በጨረታ ለከፈለ ነው የሚሰጠው። ገንዘቡ ለቤተ መቅደስ እንደሚውል አውቃለሁ፤ ሆኖም ስለ ምንም አለመያዝ በሚነበብበት አዳራሽ የሀብታሞች ስም እየተጠራ ሲጨበጨብ ልቤ አልተቀበለውም። ለልጁ ነገርኩት። እርሱም ብዙ ወጣቶች እንደ እኔ እንደሚያስቡ አልደበቀኝም። የትናንሽ ልጆች ረጅም ጾም በሰልፍና በጭብጨባ ሲወደስ ሳይም እንዲሁ ፈራሁ፤ ባ በዚህ ነገር ከእኔ ጋር ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ከሦስት ቀን በላይ አልፈቀዱለትም።

በፓርዩሻን ቀናት የከተማው ቄራዎች ይዘጋሉ። ልማዱ አዲስ አይደለም፤ በ1580ዎቹ የሙጋሉ ንጉሥ አክባር ሂራቪጃያ ሱሪ የተባሉትን የጃይን መምህር ሰምቶ በእነዚህ ቀናት እርድ እንዲቆም አዋጅ አውጥቶ ነበር። የአህመዳባድ ሥጋ ነጋዴዎች ግን መተዳደሪያችን ተነካ ብለው ከሰው፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዘጠኝ ቀን መዘጋቱ አጭር ጊዜ ስለሆነ ተገቢ ነው ተብሎ ተወሰነ። የሌላውን ስሜት ለማክበር ዘጠኝ ቀን መታገሥ ብዙ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን የእለት ጉርሱን ከዚያ ለሚያገኝ ሰው የዘጠኝ ቀን ኪሳራ የሚከብደው ከእኔ ይልቅ በእርሱ ላይ መሆኑንም አልረሳሁም።

የስምንተኛው ቀን ስም ሳምቫትሳሪ ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ አዳራሹ ይሄዳል፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቱ ለብቻ፣ በነጭ ልብስ፣ በሱፍ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። የዓመቱ ኑዛዜ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ፕራቲክራማን ይባላል፣ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው። በስም የሚጠሩት ሰዎች ብቻ አይደሉም። በመሬት፣ በውኃ፣ በእሳት፣ በነፋስ፣ በተክል ውስጥ ያሉት፣ ሁለት የስሜት ሕዋስ ያላቸው፣ ሦስት ያላቸው፣ አራትና አምስት ያላቸው ፍጥረታት ሁሉ እየተቆጠሩ ይቅርታ ይጠየቃሉ። ከዚያም ልጁ ቀድሞ ያስጠናኝ ጥቅስ በአንድ ድምፅ ይሰማል፦ ፍጥረታትን ሁሉ ይቅር እላለሁ፤ ፍጥረታትም ሁሉ ይቅር ይበሉኝ፤ ከሁሉ ጋር ወዳጅነት አለኝ፤ ከማንም ጋር ጠላትነት የለኝም። እኔ ከውጭ፣ ዝናቡን ተጠልዬ በረንዳው ላይ ቆሜ ሰማሁት፤ ከዚያ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ባ ወደ እኔ የመጡት ከዚያ አዳራሽ ወጥተው በቀጥታ ነው። በሩ ላይ ቆመው ቃሉን ካሉ በኋላ ለልጁ በጉጃራቲ ረዘም ያለ ነገር ነገሩት። እርሱም ጥቂት አመነታና ተረጎመልኝ፦ «በየካቲት ወር በምግብህ ተጸይፌ ፊቴን አዙሬብሃለሁ። አንተ የአምላክህን ጾም እየጾምክ ነበር። ያንን ሽታ ሳይሆን ያንን ፊት ማዞሬን ነው የማዝነው።» ሰባት ወር አልፎ ነበር። እኔ ረስተውታል ብዬ ነበር፤ እኔም የረሳሁ መስዬ ነበር። መልሱ ያው ቃል እንደሆነ ልጁ በጆሮዬ ነገረኝና መዳፎቼን ገጥሜ፣ ከእርሳቸው ይልቅ ዝቅ ብዬ፣ «ሚቻሚ ዱክካዳም፣ ባ» አልሁ። ከዚያ በአማርኛም ደገምኩት፤ ይቅር ለእግዚአብሔር። «ዲክራ» አሉኝ፣ ልጄ እንደ ማለት ነው፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ቆዩ።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጥታ 48 ደቂቃ እስኪሞላ ተጠበቀ፤ ከዚያ በፊት አይፈታም። ጾም ሲፈታ ፓርና ይባላል። ስምንት ቀን የቆየ ሆድ ስለሚጎዳ የሚቀርበው የማሾ ውኃና ሌላም ቀላል ነገር ነው፤ ከበሮም፣ እርድም የለም። ልማዱ ጾመኛው በገዛ እጁ እንዳይጀምር ነው፤ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተራ በተራ በማንኪያ ያጎርሱታል፣ ያጎረሰው ሰውም ከጾሙ በረከት ይካፈላል። ባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሴት ልጃቸው አጎረሰች፣ ምራታቸው አጎረሰች፣ የባንክ ሠራተኛዋ ጎረቤት አጎረሰች። እኔ በሩ አጠገብ ጫማዬን አውልቄ ቆሜ ነበር። ባ በዓይናቸው ፈለጉኝና ማንኪያውን ወደ እኔ እንዲያሳልፉት በእጃቸው አመለከቱ። እጄን ታጥቤ መጣሁ። ጉርሻ በአገሬ ምን እንደሆነ ለልጁ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን ማንኪያው ሞልቶ ስለነበር እንዳይፈስ ተጠንቅቄ ወደ ባ አፍ አቀረብኩት።